የከተማ ዋሻ ቁፋሮ በአቅራቢያው ባሉ የምድር ውስጥ ግንባታዎች ላይ ምን ያደርሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋሻ ሲቆፈር በዙሪያው ያለው አፈር ለምን ይንቀሳቀሳል?

አፈር ከቦታው ሲወጣ ጎረቤቱ ደጋፊ ያጣል፤ ደጋፊ ያጣ አፈር ደግሞ ወደ ባዶው ይጠጋል። የዋሻ መቆፈሪያው ማሽን የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ከታሰበው መጠን ትንሽ ትርፍ አፈር ማውጣቱ አይቀርም። ይህን ትርፍ መሐንዲሶች ቮልዩም ሎስ ይሉታል፤ የሚገለጸውም ከተቆፈረው ይዘት በመቶኛ ነው። በጠንካራ ሸክላ አፈር ውስጥ በደንብ የተነዳ ማሽን ከ1 በመቶ በታች ይጨርሳል። በልል አሸዋ ውስጥ፣ ያውም ውሃ ካለበት፣ አንድ የአሠራር ስህተት ይህን ቁጥር በአንድ ሌሊት ብዙ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል።

እንቅስቃሴው በአንድ ጊዜ አይመጣም። መጀመሪያ ከማሽኑ ፊት ያለው አፈር ወደ መቁረጫው ያዘነብላል፣ ቀጥሎ በማሽኑ የብረት ቅርፊት ዙሪያ ባለው ጠባብ ክፍተት ይወርዳል፣ ከዚያ ማሽኑ ሲያልፍ ከጭራው በስተኋላ በሚቀረው ክፍተት ይገባል። በመጨረሻ፣ በሸክላ አፈር ውስጥ፣ ውሃው ቀስ በቀስ ሚዛኑን እስኪያገኝ ድረስ ለወራትና ለዓመታት ይቀጥላል።

አደጋ ላይ የሚወድቁት የትኞቹ ግንባታዎች ናቸው?

አሮጌ የባቡር ዋሻዎችና ጣቢያዎች፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሮች፣ የጋዝ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክና የቴሌ ኬብል መተላለፊያዎች፣ የሕንፃ ምድር ቤቶች፣ እንዲሁም ፓይሎች (ሕንፃን የሚሸከሙ ጥልቅ የመሠረት ምሰሶዎች)። በተግባር ግን ብዙ ራስ ምታት የሚያመጡት ትልልቆቹ አይደሉም። የሜትሮ ዋሻ ባለቤት አለው፣ ሥዕል አለው፣ በየቀኑ የሚያየው ሰው አለ። ከመቶ ዓመት በፊት የተቀበረ የፍሳሽ መስመር ግን ማንም ሳያየው ይሰበራል፤ መሰበሩም የሚታወቀው መንገዱ ሲሰረጉድ ነው።

ምን ያህል ርቀት ላይ ከሆነ ያሰጋል?

ለመነሻ ያህል ቀላል መለኪያ አለ። የአፈር መሐንዲሱ ራልፍ ፔክ በ1969 እንዳሳየው ከዋሻ በላይ ያለው የመሬት መስመጥ ደወል ተገልብጦ የተቀመጠ የሚመስል ቅርጽ አለው። በሸክላ አፈር ውስጥ የዚህ ጎድጓዳ ግማሽ ስፋት የዋሻው መሐል ካለበት ጥልቀት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ጥልቀቱ 20 ሜትር ከሆነ ከመሐል መስመሩ በየጎኑ እስከ 30 ሜትር ድረስ ያለው ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል ማለት ነው። በአሸዋ ውስጥ ጎድጓዳው ጠባብ ነው፤ ጠባብ በመሆኑ ግን መሐሉ ላይ ጠለቅ ይላል።

ብዙ ከተሞች ደግሞ ይህን ለስሌት ሳይተዉ የጥበቃ ክልል በደንብ ይወስናሉ። በሆንግ ኮንግ ከባቡር መስመሩ ግንባታ ውጫዊ ጠርዝ 30 ሜትር ያህል ድረስ ያለ ማንኛውም ቁፋሮ ከባቡር ድርጅቱ ጋር ሳይነጋገሩ አይጀመርም።

መንገዱ ላይ ያለው ልኬት ጥሩ ከሆነ ከስሩ ያለውም ደህና ነው ማለት ነው?

አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ በጣም ተደጋግሞ የሚታየው የተሳሳተ እምነት ይህ ነው፤ ስለዚህ በቁጥር እንየው። 7 ሜትር ስፋት ያለው ዋሻ፣ መሐሉ 20 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በሸክላ አፈር ውስጥ ይቆፈራል እንበል፤ ቮልዩም ሎሱ 1 በመቶ። የዋሻው ቁርጥ ስፋት 38.5 ካሬ ሜትር ስለሆነ በእያንዳንዱ ሜትር 0.385 ሜትር ኩብ አፈር በትርፍ ይወጣል። መንገዱ ላይ የሚታየው ትልቁ መስመጥ 15 ሚሊሜትር ያህል ነው። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ በተቀበረ ቧንቧ ዘንድ ግን 23 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ጎድጓዳው ወደ ዋሻው በቀረበ ቁጥር ይጠባል፣ ይጠልቃልም።

ዋናው ቁም ነገር ግን የ8 ሚሊሜትሩ ልዩነት አይደለም። ግንባታን የሚሰብረው መስመጡ ሳይሆን መታጠፉ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እኩል 50 ሚሊሜትር የሰመጠ ቧንቧ ምንም ላይሆን ይችላል። በዚሁ ምሳሌ መሐል ላይ ያለው የመታጠፍ ራዲየስ መንገዱ ላይ 6,500 ሜትር ሲሆን ቧንቧው ዘንድ ወደ 2,000 ሜትር ይወርዳል። መታጠፉ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ትልቁ ተዳፋትም መንገዱ ላይ ከ1,000 አንድ ያህል የነበረው እዚያ ታች ከ500 አንድ ይሆናል። አስፋልት ላይ ብቻ ምስማር መትቶ «ሁሉም ሰላም ነው» የሚል ሪፖርት የሚጽፍ ቡድን ሲያጋጥም ስለ ጥልቁ ምን እንደለካ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አዲሱ ዋሻ ከአሮጌው በታች፣ በላይ ወይም በጎን ቢያልፍ ልዩነቱ ምንድን ነው?

በታች ካለፈ አሮጌው ይሰምጣል፣ በርዝመቱም ይታጠፋል። በላይ ካለፈ ተቃራኒው ይሆናል፤ ተጭኖት የነበረው አፈር ስለተነሳለት ወደ ላይ ይነሳል፣ ክብ ቅርጹም ወደ ላይ ይረዝማል። አሮጌው ዋሻ ከከርሰ ምድር ውሃ በታች ካለ፣ ከላዩ የቀረው አፈር ሲሳሳ የመንሳፈፍ ሥጋት ጭምር ይመጣል። በጎን ካለፈ አሮጌው ዋሻ ወደ አዲሱ በኩል ይለጠጥና እንቁላል ቅርጽ ይይዛል።

ሁለት መንታ ዋሻዎች ሲቆፈሩ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የበለጠ መስመጥ ሊያመጣ ይችላል፤ አፈሩ በመጀመሪያው ጊዜ ተረብሿልና። የሁለቱን ውጤት እኩል አድርጎ መደመር በዚህ ምክንያት ያሳስታል።

አሮጌ ዋሻ ስንት ሚሊሜትር ይችላል?

አንድ መልስ የለም፤ በተሠራበት ነገርና በመገጣጠሚያዎቹ ይወሰናል። ለንደን ውስጥ ያሉ አሮጌ የባቡር ዋሻዎች ብዙዎቹ ቀለበት እንዲሠሩ በብሎን የተያያዙ የካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ቁርጥራጮች ናቸው። ካስት አይረን ሲጨቁኑት እጅግ ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን ሳይለጠጥ በድንገት ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ከቁፋሮው በፊት ብሎኖቹን ማላላት ጥሩ መፍትሔ ይሆናል። ቀለበቱ በመገጣጠሚያው ላይ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ከተፈቀደለት ብረቱ ራሱ አይጨነቅም። ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ማጥበቅ ያለበትን ማላላት እዚህ ያድናል። በኮንክሪት ሴግመንት (ተገጣጥመው ቀለበት በሚሆኑ ቁርጥራጮች) የተሠራ ዋሻ ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው የጎማ ማሸጊያው ነው፤ መገጣጠሚያው በጥቂት ሚሊሜትር ሲከፈት ውሃ ማስገባት ይጀምራል።

የሚሠራባቸው ገደቦች ጠባብ ናቸው። በሆንግ ኮንግ ደንብ የባቡሩ ግንባታ በየትኛውም አቅጣጫ ከ20 ሚሊሜትር በላይ እንዳይንቀሳቀስ፣ የሐዲዱ መዛባት ከ1,000 አንድ እንዳይበልጥ፣ በግንባታው ላይ የሚጨመረው ጫና ከ20 ኪሎፓስካል እንዳይዘል፣ የንዝረቱ ፍጥነትም በሰከንድ 25 ሚሊሜትር እንዳያልፍ ተወስኗል። 20 ኪሎፓስካል ብዙ ይመስላል፤ ግን የአንድ ሜትር አፈር ክብደት ያህል ብቻ ነው። ከዋሻው በላይ የተቆፈረ አፈር ለጊዜው ከምሮ ማቆየት ብቻውን ገደቡን ይጥሳል፤ ይህ በሥራ ቦታ ቶሎ የሚረሳ ነገር ነው።

ገደቡን የሚወስነው የግድግዳው ጥንካሬ ብቻ እንዳልሆነም ልብ ይሏል። በጠባብ አሮጌ ዋሻ ውስጥ በባቡሩና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ነው። ግድግዳው ሳይሰነጠቅ ባቡሩ ሊነካው ይችላል፤ ሐዲዱም ሊጠማዘዝ ይችላል።

የውሃና የፍሳሽ ቧንቧዎችስ?

ቧንቧው ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ። ፕላስቲክና የተበየደ ብረት ይታጠፋሉ፤ አሮጌ ካስት አይረን፣ የሸክላ ቧንቧና በጡብ የተሠራ የፍሳሽ መስመር ግን ይሰነጠቃሉ። ከዋሻው ጋር ተሻግሮ የሚያልፍ ቧንቧ መሐሉ ላይ ይጎብጣል፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ቧንቧ ደግሞ ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚጓዝ ማዕበል ያልፍበታል፣ መገጣጠሚያዎቹም መጀመሪያ ይሳባሉ፣ ቀጥሎ ይጨመቃሉ። በስበት ብቻ የሚፈስ ፍሳሽ ሌላ ችግር አለው፤ ሳይሰበርም ተዳፋቱ ሊገለበጥና ፍሳሹ መሐል ላይ ሊጠራቀም ይችላል።

በጣም የሚያስፈራው ሰንሰለቱ ነው። የውሃ ቧንቧ በትንሹ ይሰነጠቃል፣ የሚያፈስሰው ውሃ አሸዋውን እያጠበ ወደ ተሰበረው ፍሳሽ ወይም ወደ ዋሻው ይወስደዋል፣ ከአስፋልቱ ስር ባዶ ቦታ ይፈጠራል። አስፋልቱ እንደ ድልድይ ለቀናት ይቆምና አንድ ቀን ይወድቃል። መድኃኒቱ ቀድሞ ነው፦ አሮጌውን ቧንቧ መቀየር፣ ውስጡን በፕላስቲክ መሸፈን፣ ወይም ማሽኑ በሚያልፍባቸው ቀናት ውሃውን በሌላ መስመር አዙሮ መዝጋት። ቫልቮቹ በእርግጥ እንደሚዘጉም ቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል፤ ለአሥር ዓመት ያልተነካ ቫልቭ በጭንቅ ሰዓት አይዞርም።

ዋሻው በሕንፃ ፓይሎች አጠገብ ሲያልፍ ምን ይሆናል?

ወሳኙ የፓይሉ ጫፍ ያለበት ቦታ ነው። ከዋሻው ሁለት ጎኖች ወደ ላይ በ45 ዲግሪ ያህል መስመር ቢሰመር፣ ጫፉ በቀጥታ ከዋሻው በላይ ባለው ሽብልቅ ውስጥ ያረፈ ፓይል ከመሬቱ ወለል የበለጠ ይሰምጣል፤ የቆመበት አፈር ነው የሚሸሸው። ጫፉ በጠርዙ አካባቢ ያለ ፓይል ከወለሉ ጋር እኩል ይወርዳል። ከዚያ ውጭ ያለው ደግሞ ከወለሉ ያነሰ ይሰምጣል፤ ሆኖም በዙሪያው የሚወርደው አፈር እየጎተተው ተጨማሪ ጭነት ይሸከማል።

አንድ ሕንፃ ከፊሉ በመጀመሪያው፣ ከፊሉ በሦስተኛው ዓይነት ፓይል ላይ ከቆመ ጉዳቱ ይከፋል። ዋሻው በትክክል በፓይሉ ውስጥ ማለፍ ካለበት ሕንፃው በሌላ መሠረት ላይ መደገፍ፣ ጭነቱ በክሪክ ወደ አዲሱ መሠረት መተላለፍ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አሮጌው ፓይል መቆረጥ አለበት። ይህን ቅደም ተከተል ለማሳጠር የሚሞክር ሰው ሕንፃውን ለዕድል ሰጥቶታል።

ማሽኑን የሚነዱት ሰዎች ጉዳቱን ለመቀነስ ምን ማድረግ ይችላሉ?

ከሁሉም በላይ ሦስት ነገሮች፦ የፊት ግፊት (ማሽኑ ከፊቱ ያለውን አፈር የሚደግፍበት)፣ የወጣው አፈር ክብደት፣ የጭራው ግራውት (ክፍተት የሚሞላ፣ የሚረጋ ፈሳሽ)። የፊት ግፊቱ ቢያንስ የውሃውን ግፊት መቋቋም አለበት፤ የውሃው ከፍታ ከዋሻው በላይ 20 ሜትር ከሆነ ይህ ብቻውን 2 ባር ነው፣ ለአፈሩ ደግሞ ይጨመርበታል። ግፊቱ ሲያንስ አፈር ይገባል፤ ሲበዛም ከላይ ያለውን አሮጌ ዋሻ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከአሮጌ ዋሻ ስር ሲያልፉ መሐል ላይ ቆሞ ጥገና ማድረግ አይታሰብም፤ መቁረጫዎቹ ከዚያ በፊት ይመረመራሉ፣ ይቀየራሉ፤ ከዚያ ያለማቋረጥ ይታለፋል።

ግራውቱን በዚያው ባለ 7 ሜትር ምሳሌ እንቁጠረው። የተገጠመው ቀለበት ውጫዊ ስፋት 6.6 ሜትር ከሆነ በቀለበቱና በአፈሩ መካከል ዙሪያውን 20 ሴንቲሜትር ክፍተት ይቀራል። ይህ በአንድ ሜትር 4.3 ሜትር ኩብ፣ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ለሆነ ቀለበት ደግሞ 6.4 ሜትር ኩብ ግራውት ይፈልጋል። ከዚህ 10 በመቶው ብቻ ሳይሞላ ቢቀር ቮልዩም ሎሱ ወዲያውኑ ከ1 በመቶ ይበልጣል፤ ማለትም የተፈቀደው ሁሉ በአንድ የተደፈነ የግራውት ቧንቧ ያልቃል። ስለዚህ ግራውቱ ማሽኑ እየገፋ ሳለ በግፊትም በመጠንም ቁጥጥር እየተደረገበት ይገባል። ብዙዎች ሲሚንቶና ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) ያለበትን ፈሳሽ ከሶዲየም ሲሊኬት ጋር ጭራው ላይ ያገናኙታል፤ በሰከንዶች ውስጥ ይረጋል።

አፈሩም ይመዘናል። አንድ ቀለበት ለመግጠም የሚወጣው 57.7 ሜትር ኩብ፣ በሜትር ኩብ 2 ቶን ቢታሰብ 115 ቶን ያህል ነው። የማጓጓዣ ቀበቶው ሚዛን 120 ቶን ካሳየ ከላይ የሆነ ቦታ ላይ ጉድጓድ እየተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ሳይስተካከል ቀርቶ የሚሰጠው የውሸት ቁጥር ግን ከሚዛን ማጣት የባሰ ነው።

ባቡር እየሠራ ከስሩ ወይም ከላዩ መቆፈር ይቻላል?

ይቻላል፤ ለንደን ውስጥ የኤልዛቤት የባቡር መስመር ሲሠራ በተደጋጋሚ ተደርጓል። ከ2012 እስከ 2015 ስምንት ማሽኖች በድምሩ 42 ኪሎሜትር ዋሻ ቆፍረዋል፤ የዋሻው የውስጥ ስፋት 6.2 ሜትር ነው። በቶተናም ኮርት ሮድ ጣቢያ ማሽኑ ሥራ ላይ ካለው የኖርዘርን መስመር ዋሻ በላይ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ከተንቀሳቃሽ ደረጃ ደግሞ በታች ተሽሎክሎክ አለፈ። ሠራተኞቹ ቦታውን የመርፌ ቀዳዳ ብለውት ነበር።

በሊቨርፑል ስትሪት የተሠራው ደግሞ ለትምህርት ይበልጥ ይጠቅማል። እዚያ አዲሱ የጣቢያ ዋሻ የተቆፈረው ከአሮጌው የፖስታ ባቡር ዋሻ በታች ነው። የፖስታው ባቡር በ1927 ሥራ ጀምሮ በ2003 ቆሟል። ተሳፋሪ ስለሌለበት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኦፕቲካል ፋይበር ገመድና ገመድ አልባ መለኪያዎችን ግድግዳው ላይ ዘርግተው ካስት አይረኑ እንዴት እንደሚጨነቅ በቀጥታ ሊያዩ ችለዋል።

ክትትሉ በተግባር እንዴት ይካሄዳል?

በአሮጌው ዋሻ ውስጥ በየጥቂት ሜትሩ በአንድ ቀለበት አምስት ያህል ፕሪዝም (ብርሃን የሚመልስ መስታወት) ይለጠፋል፤ ራሱን የሚያዞር ቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ) በየሰዓቱ ያነባቸዋል። ከሐዲዱ ጎን የዘንበል መለኪያ ዘንጎች ይደረደራሉ። ከዋሻዎቹ መካከል ደግሞ በአፈሩ ውስጥ የጥልቀት መለኪያና የውሃ ግፊት መለኪያ ይቀበራል። የመነሻ ንባቡ ቢያንስ ለሦስት ወር ያህል መወሰድ አለበት፤ ግንባታው ያለ ምንም ቁፋሮ በሙቀትና በባቡር ጭነት ብቻ ስንት ሚሊሜትር እንደሚተነፍስ ሳይታወቅ የኋላው ቁጥር ትርጉም የለውም።

የማንቂያ ደረጃዎቹ ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቢጫው ሲነካ ንባቡ ይደጋገማል፣ የማሽኑ አነዳድ ይስተካከላል፤ ቀዩ ሲነካ ሥራው ይቆማል። ግን ቀዩ ሲነካ ማን ለማን ይደውላል? በሌሊት ስምንት ሰዓት ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው? ባቡሩን ለማቆም ሥልጣን ያለውስ? ይህ በወረቀት ሰፍሮ ካልተለማመዱት መለኪያው ጌጥ ነው።

የሚበላሹትም የታወቁ ናቸው። የባቡር ፍሬን ብናኝ ፕሪዝሞቹን ይሸፍናቸዋል፤ ማጽዳት የሚቻለው ደግሞ ባቡር በማይሄድባቸው ጥቂት የሌሊት ሰዓታት ነው። ከዚህም የከፋው መነሻ ነጥቡ ራሱ በሚሰምጠው ክልል ውስጥ ሲተከል ነው። ያኔ ሁሉም አብሮ ስለሚወርድ ስክሪኑ ላይ ምንም ያልተንቀሳቀሰ ይመስላል።

ግራውት በመርጨት የሰመጠውን መልሶ ማንሳት አይቻልም?

ይቻላል፤ ማካካሻ ግራውት ይባላል። ከአንድ ጉድጓድ ወደ ጎን በርካታ ቧንቧዎች በአሮጌው ግንባታና በአዲሱ ዋሻ መካከል ይዘረጋሉ፤ በየተወሰነ ርቀት የጎማ መዝጊያ ያላቸው ቀዳዳዎች አሏቸው። ቁፋሮው ሲወስድ ግራውቱ ይመልሳል። በ1990ዎቹ የለንደኑ የጁብሊ ሜትሮ መስመር ማራዘሚያ ሲሠራ፣ ጥልቅ ከሆነው የዌስትሚንስተር ጣቢያ ቁፋሮ አጠገብ ያለው የቢግ ቤን ማማ እንዳያዘነብል የተጠበቀው በዚህ ዘዴ ነው።

ግን ግራውት ወደ ላይ ሲገፋ ወደ ታችም ይገፋል። በጥቅምት 1994 በለንደኑ የሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በሾትክሪት (ግድግዳ ላይ በሚረጭ ኮንክሪት) እየተሠሩ የነበሩ ዋሻዎች ተደረመሱ፤ እንደ ዕድል ሆኖ የሞተ ሰው አልነበረም። ምርመራው ካነሳቸው ነገሮች መካከል የወለሉ ሽፋን ጥራት መጓደልና አጠጋገኑ፣ እንዲሁም ከላይ ያለን ሕንፃ ለማቅናት የተረጨው ግራውት በታች ያለውን ሽፋን መጉዳቱ ይገኙበታል። በሁለቱ ግንባታዎች መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ ከሆነ ይህን ዘዴ መተው ይሻላል።

አፈሩን ቀድሞ ማቀዝቀዝም ዋስትና አይደለም። ጀርመን ውስጥ ራሽታት ላይ ነሐሴ 2017 አፈሩ በረዶ እስኪሆን ቀዝቅዞ ሳለ ከላይ ያለው ሐዲድ ሰመጠ፤ ዋናው የባቡር መስመር እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ተዘጋ፣ ማሽኑም ኮንክሪት ተሞልቶበት እዚያው ቀረ።

ትልልቆቹ አደጋዎች ከምን ይመጣሉ?

ከውሃ። ጥቂት ሚሊሜትር የሚያመጣው ተራ መስመጥ ሊሰላ ይችላል፤ ውሃ አሸዋ ይዞ ሲገባ ግን ስሌት ያበቃል። ኅዳር 8 ቀን 2016 በጃፓን ፉኩኦካ፣ በሃካታ ጣቢያ አጠገብ፣ የሜትሮ ማራዘሚያ ዋሻ ሲቆፈር መንገዱ 30 ሜትር በ27 ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ሆነ። ከዋሻው በላይ የነበረው የላላ ዐለት ስስ ነበር፤ ከእሱ በላይ ደግሞ ውሃ ያዘለ አሸዋ። የውሃ፣ የፍሳሽ፣ የጋዝ፣ የኤሌክትሪክና የስልክ መስመሮች አብረው ተበጠሱ። ሰው አልሞተም፤ መንገዱም በሲሚንቶ በተለወሰ አፈር ተሞልቶ በሳምንቱ ተከፈተ።

በጀርመን ኮሎኝ መጋቢት 3 ቀን 2009 የከተማው የታሪክ መዛግብት ቤት ሲደረመስ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ምክንያቱ የዋሻው ማሽን አልነበረም፤ ለሐዲድ መቀያየሪያ የተቆፈረው ጉድጓድ ዲያፍራም ግድግዳ (ከቁፋሮው በፊት በመሬት ውስጥ የሚሠራ የኮንክሪት ግድግዳ) ጉድለት ነበረበት፣ በዚያም ውሃና አሸዋ ገባ። ሰዎች ስለ ዋሻ ሲጨነቁ ጣቢያውን ይረሳሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚያንሸራትተው ግን ጉድጓዱ ነው።

ውሃ ማውጣትም ያለ ቁፋሮ ያሰምጣል። የከርሰ ምድር ውሃ በአንድ ሜትር ሲወርድ የአፈሩ ውስጣዊ ጫና በ10 ኪሎፓስካል ይጨምራል፤ በልል ሸክላ ውስጥ ይህ ከዋሻው ጎድጓዳ በጣም ርቆ ያሉ ግንባታዎችን ይደርሳል።

ካርታ ላይ የሌለ ነገር ቢገኝስ?

ይገኛል። የተገላቢጦሹም አለ፦ መጋቢት 2013 ለንደን ኦልድ ስትሪት አካባቢ ለሕንፃ ፓይል የሚቦረቡር መሣሪያ ሥራ ላይ ያለ የባቡር ዋሻን በስቶ ገባ። አንድ ነጂ ከጣሪያው ውሃ ሲወርድ አይቶ ባያሳውቅ ኖሮ የሚከተለውን መገመት አይከብድም። የሕንፃው ንድፍ ሲሠራ በተጠቀሙበት ካርታ ላይ ዋሻው አልተሳለም ነበር።

ስለዚህ ካርታ መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የመሬት ራዳር ከጥቂት ሜትር በታች፣ በተለይ በእርጥብ ሸክላ፣ እምብዛም አያይም። የተጠረጠረው ቦታ በእጅ ወይም በቫኪዩም ተቆፍሮ መታየት አለበት፤ ጥልቀቱም ከግምት ሳይሆን ከልኬት መጻፍ አለበት።

ለአዲስ አበባ ይህ ምን ይነግራል?

ከተማዋ የምድር ውስጥ ግንባታን በትንሹ ታውቀዋለች። የቀላል ባቡሩ መስመር ምኒልክ አደባባይ አካባቢ በምድር ውስጥ ያልፋል፤ ለዚሁ ሥራ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። አንድ ሐውልት አንስቶ መመለስ ይቻላል፤ ከመንገድ ስር የተቀበረን የውሃ መስመር ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም።

አፈሩም ከለንደን የተለየ ነው። እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ዐለት፣ በመካከሉ የበሰበሰ ንብርብር፣ በላዩ ቀይና ጥቁር ሸክላ። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ግማሹን ዐለት ግማሹን አፈር ሲቆርጥ ዐለቱ ያዘገየዋል፤ በዚያ መሐል ለስላሳው ከላይ እየፈረሰ ይገባል። ጥቁር መረሬ ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለ ቦታ የሦስት ወር መነሻ ንባብ አይበቃም፤ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ መለካት አለበት፣ አለዚያ የወቅቱ እንቅስቃሴ ለዋሻው ይቆጠራል፣ ወይም የዋሻው ለወቅቱ።

ቁፋሮው ካለቀ በኋላ መለካት የሚቆመው መቼ ነው?

የመስመጡ ፍጥነት በዓመት ወደ 2 ሚሊሜትር ሲወርድ ብዙ ፕሮጀክቶች ያቆማሉ። በአሸዋ ውስጥ ይህ በሳምንታት ይደርሳል። በሸክላ ግን አዲሱ ዋሻ ራሱ ውሃ የሚስብ ቦይ ሊሆን ስለሚችል ዓመታት ይወስዳል፤ ኮንትራክተሩ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ መለኪያው ማን እጅ እንደሚቀር በውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ምድር ቤታችን ውስጥ ያለው ስንጥቅ ከዋሻው ነው ወይስ ከድሮ?

ክርክሩን የሚፈታው ከቁፋሮው በፊት የተደረገ የሁኔታ ምርመራ ነው፦ እያንዳንዱ ግድግዳ ፎቶ ተነስቶ፣ የስንጥቆቹ ስፋትና ርዝመት ተለክቶ፣ ቀን ተጽፎበት ሁለቱም ወገኖች የፈረሙበት። ባለንብረቱ ቅጂውን መያዝ አለበት። ያለዚህ ሁለቱም ወገን እውነቱን ቢናገር እንኳ ማረጋገጥ አይቻልም።

ምርመራው ሳይደረግ ከቀረ ስንጥቁ ራሱ ትንሽ ይናገራል። ጠርዙ የደበዘዘ፣ ውስጡ አቧራ ወይም ቀለም የገባበት፣ ነጭ የኖራ ክምችት የያዘ ስንጥቅ የቆየ ነው። ጠርዙ ስለታም፣ ውስጡ ንጹሕና ነጣ ያለ ከሆነ አዲስ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ስንጥቁ ላይ ሚሊሜትር የተሰመረበት የፕላስቲክ መለኪያ ይለጠፍና ንባቡ ማሽኑ ካለፈበት ቀንና ሰዓት ጋር ይነጻጸራል። ማሽኑ ከመድረሱ ከሁለት ሳምንት በፊት የሰፋ ስንጥቅ ምናልባት ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ውሃ ተስቦ እንደነበር ግን መጀመሪያ ያጣሩ።